አንድ ቃል በሁለት ድግስ፦ የገዳሪፍ፣ የገላባትና የመተማ የወቅት ስብሰባዎች ስያሜ

በምሥራቅ ሱዳን በቡጣና ሜዳ የሚዜም አንድ ዱበይት «ስንት ቤት አለው?» ተብሎ ቢጠየቅ ዓረብኛ ተናጋሪው ሁለት ነው ይላል። አማርኛ ተናጋሪው ያንኑ ግጥም ሰምቶ ቤቱ አንድ ነው ሊል ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዱበይት የሚለው ስያሜ «ሁለት» ከሚለው የፋርስኛ ቃልና ከዓረብኛው በይት የተሠራ ነው። በዓረብኛ ሥነ ግጥም በይት ማለት ሁለት ግማሽ ስንኝ የያዘ ሙሉ ስንኝ ስለ ሆነ፣ አንድ ዱበይት ሁለት በይት፣ ማለትም አራት ግማሽ ስንኞች አሉት። በሱዳን አራቱም በአንድ ድምፅ ያልቃሉ። በአማርኛ ግን ቤት የሚባለው በስንኝ መጨረሻ የሚገጥመው ድምፅ ነው፤ ግጥሙ «ቤት መታ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ከዚህም አልፎ «የወል ቤት» ሲባል ቤት የምጣኔ ዓይነት ስም ይሆናል፤ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚከፈልበት ምጣኔ ማለት ነው። መነሻው ቤት የተባለው መኖሪያ ሆኖ ሳለ አንዱ ቋንቋ ቃሉን ለስንኝ፣ ሌላው ለገጣሚው ድምፅ ሰጥቶታል።

ከገዳሪፍ እስከ ገላባትና መተማ ባለው ጠረፍ ይህን የመሰሉ ቃላት ብዙ ናቸው። በሁለቱም ወገን የሚታወቁና በድምፅም የሚቀራረቡ ስለ ሆኑ በቃላት ዝርዝር ውስጥ በአንድ ረድፍ ይሰፍራሉ። የሚጠሩት ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ ጽሑፍ ሰዎች በወቅት ተሰብስበው በሚሠሩባቸው፣ በሚያዜሙባቸውና በሚደግሱባቸው ጊዜያት የሚነገሩ ጥቂት ቃላትን በማየት፣ ቃሉ የተነገረበት ስብሰባ ካልተመዘገበ ትርጉሙም እንዳልተመዘገበ ያሳያል።

ቦታውና ወቅቱ

ገላባትና መተማ በአንድ ደረቅ ወንዝ የሚለያዩ ሁለት ትንንሽ ከተሞች ናቸው። የብሪታንያና የኢትዮጵያ የድንበር ውል እ.ኤ.አ. በ1902 ሲፈረም ገላባት ለሱዳን፣ መተማ ለኢትዮጵያ ሆነ። ከዚያ በፊት አካባቢው አንድ ገበያ ነበር። ከዳርፉርና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ተክሩር የሚባሉ ሰዎች ሰፍረውበት፣ መሪዎቻቸው ለደጋውም ለቆላውም ገዥ ግብር ይከፍሉ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. የቆሰሉበት ጦርነትም እዚሁ ተደረገ፤ የመተማ ከተማ ዛሬ መተማ ዮሐንስ የሚባለው በእርሳቸው ስም ነው።

ወደ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ገዳሪፍም የገበያ ልጅ ነው። የቀድሞ ስሙ ሱቅ አቡ ሲን፣ ማለትም የአቡ ሲን ገበያ፣ ከሹክሪያ ጎሣ መሪ ቤተ ሰብ የመጣ ነው። የአሁኑን ስም ሕዝቡ «ጉዳዩን የጨረሰ ይሂድ» ከሚል የገበያ ጥሪ ያመጣዋል። ይህን ዓይነት ሕዝባዊ ሥርወ ቃል ለታሪክ ማስረጃ ማድረግ ያስቸግራል፤ ስለ ከተማው አኗኗር ግን ብዙ ይናገራል። ሰው የሚመጣው ለጉዳይ ነው፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ይሄዳል።

ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋናው ጉዳይ በዝናብ የሚለማው የትራክተር እርሻ ሆነ። ማሽላና ሰሊጥ ይዘራል። ሰሊጥ ፍሬው ከመፈንዳቱ በፊት በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ ስላለበት በአንድ ጊዜ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ የቀን ሠራተኛውም ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ወርዶ በመተማና በሑመራ፣ አልፎም በገዳሪፍ እርሻዎች ይሰማራል። በመተማና በሑመራ ከእርሻ እርሻ የሚዞረው ሠራተኛ ሳሉግ ይባላል።

የወቅቶቹ ስሞችም ጥንቃቄ ይሻሉ። በመደበኛው ዓረብኛ መፀው ማለት የሆነው ኸሪፍ በሱዳን የዝናቡ ወራት ስም ስለ ሆነ ከክረምት ጋር ይገጥማል። ቀጥሎ የሚመጣው የአዝመራ ጊዜ በሱዳን ዓረብኛ ደረት ይባላል፤ አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሰውነት ክፍል የሚነገር ሊመስለው ይችላል። ሹክሪያዎች በኸሪፍ መንጋቸውን ወደ ቡጣና ያወጣሉ፤ ዱበይትም የዚህ ጉዞ ዜማ ነው። ከገጣሚዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው፣ ከዚያው ከአቡ ሲን ቤተ ሰብ የተወለደው አል ሐርደሎ ነው። እርሱ የታወቀበት መስዳር የተባለው ረጅም የጉዞ ግጥም እንኳ ቦታን በቦታ እየቆጠረ የሚሄድ የወቅት ካርታ ነው ማለት ይቻላል።

ነፊር እና ደቦ

የሱዳን ነፊር እና የአማርኛው ደቦ በመዝገበ ቃላት አንዱ ለሌላው ፍቺ ሆነው መቅረባቸው አያስደንቅም። በሁለቱም ባለ እርሻው ጎረቤት ይጠራል፤ ተጠሪው በጉልበቱ ይሠራል፤ ባለቤቱ ምግብና መጠጥ ያቀርባል። በሱዳን ብዙ ቦታ መጠጡ መሪሳ፣ በደጋው ጠላ ነው፤ ሁለቱም ከእህል የሚጠመቁ ናቸው። (ነፊር ከአማርኛው ነፈረና ንፍሮ ጋር ዝምድና የለውም፤ መመሳሰሉ የድምፅ ብቻ ነው።)

ልዩነቱ በቃሉ መስክ ነው። ነፊር ከጥንት ለዘመቻ የሚወጣን ጭፍራና የክተት ጥሪን ያመለክታል። ስለዚህ ከእርሻ ወጥቶ ለማንኛውም ሕዝባዊ ጥሪ ይውላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ካርቱም በጎርፍ በተጠቃች ጊዜ የከተማ ወጣቶች የእርዳታ ማኅበራቸውን ነፊር ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛ ይህን የትርጉም መስክ የያዘው ዘመቻ ነው፤ ደቦ ከእርሻና ከቤት ሥራ ብዙ አልራቀም። በሌላ በኩል አማርኛ ሱዳን በአንድ ቃል የምትጠራውን ይከፋፍላል። በወንፈል ጉልበት በጉልበት ይመለሳል፤ ቀኑም ይቆጠራል። በደቦና በጅጌ ግን ዋናው ድግሱ ነው። ነፊርን «ደቦ» ብሎ የተረጎመ ሰው ቀኑ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን ጥያቄ ሳይጠይቅ አልፎታል።

የሥራ ዘፈኑ የሚኖረው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። በደቦ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ አውጪው ባለቤቱን ያሞግሳል፣ ድግሱ ከሳሳም ይወርፈዋል። ይህን ማድረግ የሚችለው እንግዳ ስለ ሆነ ነው። በሰሊጥ እርሻ የተቀጠረ ሳሉግ ያንኑ ዜማ ይዞ ሊወርድ ይችላል፤ ነገር ግን የሚወረፍ ጋባዥ የለውም፤ ያለው አሠሪ ነው። ስለዚህ ከእርሻው ላይ የተቀዳ ዘፈን «የደቦ ዘፈን» ተብሎ ሲመዘገብ ምድቡ የሚናገረው ስለ ዜማው አመጣጥ እንጂ ስለ ተዘፈነበት ስብሰባ አይደለም።

ዛር፦ ተሰጥቶ የተወሰደ

ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ምርመራ የሚገባው ዛር ነው። የእምነቱ ነገር እዚህ አይነሣም፤ የሚታየው ዜማ፣ አልባሳትና ከበሮ ያለበት የማኅበር ድግስ እንደ መሆኑ ነው።

ቃሉ ወደ ዓረብኛ የገባው ከኢትዮጵያ እንደ ሆነ አብዛኞቹ አጥኚዎች ይስማማሉ። ኤንሪኮ ቼሩሊ ሥሩን ወደ ኩሻዊ ቋንቋዎች፣ በተለይ ወደ አገው የሰማይ አምላክ ስም ይወስደዋል። በዓረብኛ ደግሞ ዛረ «ጎበኘ» ከሚለው ግስ ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው፤ መንፈሱ ሰውን ይጎበኛልና። ይህም እንደ ገዳሪፍ ስም ያለ ሕዝባዊ ሥርወ ቃል ነው። ቃሉ በተቀባዩ ቋንቋ ውስጥ ምን ያህል እንደ ተዋሐደ ግን ያሳያል፤ ባዕድ መስሎ የሚሰማ ቃል እንዲህ ያለ ማብራሪያ አይሰጠውም።

ውሕደቱ በሰዋስውም ይታያል። በሱዳን ዓረብኛ የዛር ብዙ ቁጥር ዘይራን ነው፤ ቃሉ በዓረብኛው የውስጥ ለውጥ ይረባል። በአንጻሩ አማርኛ ለዚሁ መስክ ከዓረብኛ አውሊያ የሚለውን ወስዷል። አውሊያ በዓረብኛ የወሊ ብዙ ቁጥር ነው፤ በአማርኛ ግን ነጠላ ሆኖ «አውሊያዎች» ተብሎ እንደ ገና ይረባል። ሁለቱ ቋንቋዎች ስለ አንድ ጉዳይ ሲነጋገሩ እያንዳንዱ የሌላውን ቃል ወስዶ በራሱ መንገድ አብዝቶታል። ለብድር ቃላት ጥናት እንዲህ የተመጣጠነ ምሳሌ በብዛት አይገኝም።

የትርጉሙ ስፋትም ተለውጧል። በአማርኛ ዛር በመጀመሪያ መንፈሱ ነው፤ የሰፈረበት ሰው ባለ ዛር፣ ለመንፈሱም «ፈረስ» ይባላል። በሱዳን ግን፣ ጃኒስ ቦዲ እንደ ገለጸችው፣ ዛር መንፈሱንም፣ ሕመሙንም፣ ሥነ ሥርዓቱንም ይሰይማል። «ዛር አለ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በገላባት በኩል የዛሬ ማታ ድግስ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ በመተማ በኩል ስለ አንድ ሰው ሁኔታ የሚነገር ነው።

ጥበቡም እንዲሁ ተለያይቷል። ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር መልካም አየሁ በተባለች ባለ ዛር ቤት ያየው ድግስ በንግግር የበለጸገ ነበር፤ እያንዳንዱ ዛር በራሱ ፉከራ ይታወቃል። ፉከራ የጦረኛ ዘውግ መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በሱዳን የመንፈሱ መታወቂያ ኸይጥ፣ «ክር»፣ የሚባለው ዘፈን ነው፤ ሼኻዋና ተከታዮቿ ክሩን በከበሮ ሲጎትቱ ባለቤቱ ይነሣል። መንፈሶቹም በነገድ ይመደባሉ፤ ደርቪሾች፣ ፓሻዎች፣ ፈረንጆች፣ ዓረቦች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ሐበሽ የሚባል ወገን አለ። ቃሉን የሰጠው አገር በተቀባዩ መድረክ ላይ ከገጸ ባሕርያት አንዱ ሆኖ ይመለሳል። ለሐበሽ መንፈሶች ቡና ይቀርባል፤ እዚህ ላይ ሌላ ቃል ይገባል። ጀበና በአማርኛ ሸክላው ነው፤ በምሥራቅ ሱዳን ሸክላውም በውስጡ ያለው ቡናም ጀበና ይባላል።

ሦስተኛ ቋንቋም አለ። በሱዳን ከሁለቱ ዋና የዛር ዓይነቶች አንዱ ዛር ቦሪ ይባላል፤ ቦሪ የሐውሳ ቃል ነው፤ ሐውሳም ለተመሳሳይ የመንፈስ ማኅበር ይጠቀምበታል። በሐውሳም የተያዘው ሰው የመንፈሱ ፈረስ መባሉ ከጎንደር ጋር ያገናኘዋል። ገዳሪፍ ብዛት ያለው የሐውሳ ማኅበረሰብ ይዛ፣ ወደ ምሥራቅ የሚያወጣው መንገድ ጎንደር የሚደርስ ከተማ ናት። የሁለት ቋንቋ ስም ተጣምሮ አንድ ስያሜ የሆነበትን ሂደት ለመረዳት ከዚህ የተሻለ የመስክ ቦታ መፈለግ ያስቸግራል።

ስለ ወቅት አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በሰናር የዛር ማኅበራት ትልቁ ዓመታዊ ድግስ ረጀቢያ ይባላል፤ በረጀብ ወር የሚደረግ ስለ ሆነ ነው። በረመዳን መንፈሶቹ እንደ ታሰሩ ይቆጠራል። ይህ የጨረቃ አቆጣጠር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ አንድ ዓመት በኸሪፍ የዋለው ድግስ ከዓመታት በኋላ በበጋ ይውላል። ዱበይትና ነፊር ዝናብን ሲከተሉ ረጀቢያ አይከተልም። አጥኚው ሁሉንም «የወቅት ስብሰባ» ብሎ ከጠራቸው ወቅት የሚለው ቃል ራሱ በሁለት አቆጣጠር መካከል ይንገዋለላል።

መሰንቆ፣ እና የቀረው ሥራ

መሰንቆ በአማርኛ ባለ አንድ ጅማት በቀስት የሚገዘገዝ የአዝማሪ መሣሪያ ነው። በግእዝ መዝሙረ ዳዊት ግን ቃሉ ለክራርና ለበገና ወገን መሣሪያ ይውላል፤ በትግረም ባለ ብዙ ክር ክራር ነው፤ በምሥራቅ ሱዳን ቤጃዎችም ክራራቸውን ባሳንኮብ ይሉታል። ቀድሞ የነበረውን ትርጉም ያቆዩት ጠረፎቹ ናቸው፤ የተለወጠው የመሐሉ አማርኛ ነው። ከቃላት ዝርዝር ብቻ የሚነሣ ሰው ግን ነገሩን ገልብጦ፣ ቤጃዎች የአማራን ቃል ወስደው ለሌላ መሣሪያ ሰጡት ማለት ይቀልለዋል።

እነዚህን ቃላት ከነስብሰባቸው መመዝገብ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ መጥቷል። በአል ፋሽቃ የእርሻ መሬት ላይ የተነሣው ውዝግብ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ገበሬዎችን አፈናቀለ። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የሰው ጉዞ አቅጣጫውን ለውጦ፣ ስደተኞች በገላባት በኩል ወደ መተማ ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በዚህ ሁኔታ የሚገኝ ተናጋሪ ቃሉን ያውቃል፤ ጠሪው፣ ድግሱና ቀኑ ግን አብረውት አልመጡም። «ነፊር ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የትዝታ ፍቺ ነው። ማን ጠራ፣ ማን መጣ፣ ምን ቀረበ፣ በየትኛው አቆጣጠር የሚሉት ጥያቄዎች ከቃሉ ጋር አብረው ካልተጠየቁ መልሱ ከመዝገበ ቃላቱ አያልፍም።

እስከ ዛሬ በእጅ ያሉት ታላላቅ የዛር ገለጻዎች ከሌላ ቦታ የተገኙ ናቸው፤ የሌሪስ ከጎንደር፣ የቦዲ በሰሜን ሱዳን ዓባይ ዳር ካለ መንደር፣ የሱዛን ኬንየን ከሰናር። ሌሪስ አባል የነበረበት የዳካር ጅቡቲ የጥናት ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1932 ወደ ጎንደር የወጣው በገዳሪፍና በገላባት አድርጎ ነው፤ የመግቢያ ፈቃድና የጉምሩክ ጉዳይ እስኪያልቅም በጠረፉ ላይ ቆይቷል። ስለ ዛር የጻፈው ግን ጎንደር ከገባ በኋላ ያየውን ነው።