ፖርሽ 911ን በገዛ እጅ ስለ መጠገን

በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ፣ ዙፈንሃውዘን በተባለው ሰፈር የሚሠራው ፖርሽ 911 ስለ ፍጥነቱና ስለ ቅርጹ ማማር ብዙ የተጻፈለት መኪና ሲሆን፣ ስለ ሌላው ጠባዩ፣ ማለት ባለቤቱ እጅጌውን ሰብስቦ በገዛ እጁ ሊጠግነው በተነሣ ጊዜ ስለሚያሳየው እልከኝነት፣ ከባለቤቶቹና ከመካኒኮቹ ማኅበር ወጥቶ የሚነገረው ጥቂት ነው። እኔ ግን የመኪና ባሕርይ በጎዳና ላይ ከሚታየው ይልቅ በጋራዥ ውስጥ ይበልጥ ይገለጣል ብዬ አምናለሁና፣ እዚህ ላይ የማስተዋውቀው ይህንኑ ጠባዩን ነው። ከዘመኖቹም መካከል የመረጥሁት ከ1984 እስከ 1989 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የተሸጠውን፣ ካሬራ 3.2 የሚባለውን ሞዴል ነው፤ ይህ መኪና ባለቤቱ በመፍቻና በካቻቢቴ ልደርስበት እችላለሁ ብሎ የሚደፍረው፣ ደፍሮም ብዙ ጊዜ የሚፈተንበት መኪና ነውና።

የዘሩ ሐረግ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የቤቱ መሥራች ፈርዲናንድ ፖርሽ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብዙ ዘመን ሲመላለስ ያየነውን ትንሹን ቮልስዋገን የነደፈው ሰው ነው፤ ልጁ ፌሪ በ1948 ያወጣው 356 የተባለው መኪና ከቮልሱ ብዙ ነገር የወረሰ ሲሆን፣ የልጅ ልጁ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ቅርጹን የነደፈው 911 ደግሞ በ1963 በፍራንክፈርት ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ታየ። መጀመሪያ ስሙ 901 ነበር፤ ነገር ግን በመካከሉ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኃዝ ስም በፈረንሳይ አገር የእኔ መብት ነው ሲል የፔዦ ኩባንያ ስለ ተቃወመ፣ ዜሮው በአንድ ተለውጦ 911 ተባለ። ቮልሱም፣ 356ም፣ 911ም በአንድ መሠረተ ሐሳብ የጸኑ ናቸው፤ ሞተሩ ከኋለኛው የጎማ ዘንግ ወዲያ በመኪናው ጅራት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲሊንደሮቹ እንደ ሌላው ሞተር የቆሙ ሳይሆኑ በቀኝና በግራ የተጋደሙ ናቸው፣ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። 911 በዚህ ሥርዓት እስከ 1998 ድረስ ጸንቶ ቈየ።

ከዚህ አቀማመጥ የሚገኘው ጥቅም ታላቅ ነው። ከመኪናው ክብደት ከመቶ 60 እጅ ያህሉ በኋለኞቹ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ፣ ነጂው ነዳጅ በሰጠ ጊዜ ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ። ጉዳቱ ደግሞ የሚታየው የኋላውን ኮፈን ለከፈተ ሰው ነው። በፊት የተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ፣ በቀኝና በግራ የጎማዎቹ ከለላ፣ ከታች ማርሚታውና ከእርሱ ጋር የተያያዙት የሙቀት ሣጥኖች፣ ከላይም ነፋስ የሚያስገቡት ቧንቧዎች ከበውት፣ 231 የፈረስ ጕልበት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር እጅ እንኳ በቅጡ በማይገባበት ጕድጓድ ውስጥ ተቀምጧል። ከላይ የሚታየው በመካከሉ ዲናሞ የታቀፈው ትልቁ የነፋስ መዘውርና የሚያዞረው ቺንጋ ብቻ ሲሆን፣ የሞተሩ ዐበይት ብልቶች ሁሉ ከዚያ በታች ተሰውረዋል።

እንዲህ ያለውን መኪና የሚያይ ሰው መሐንዲሶቹ የጠጋኙን ድካም ከቍጥር አላስገቡም ብሎ ቢፈርድባቸው አይፈረድበትም፤ እኔ ግን ፍርዱ የተሳሳተ ይመስለኛል። እነርሱ ያሰቡለት ጠጋኝ ሞተሩን ከነካምቢዮው በአንድነት አውርዶ፣ በብርሃን ፊት አስቀምጦ የሚሠራውን ሰው ነው እንጂ፣ በጀርባው ተንጋሎ ክንዱን በቧንቧዎች መካከል የሚያሾልከውን አይደለም። ስለዚህም በ911 ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ታላቅ የሚመስለው ሥራ፣ ሞተር ማውረዱ፣ በሥርዓት የተደላደለ ሲሆን፣ ታናሽ የሚመስለው ሥራ፣ ካንዴላ መለወጡና ቫልቭ ማስተካከሉ፣ ሰውን የሚያስመርር ነው።

ከካንዴላው እንጀምር። በሌላ መኪና የሩብ ሰዓት ሥራ የሆነው ይህ ነገር፣ ለኋላው መከላከያ ቅርብ በሆኑት ሲሊንደሮች ዘንድ በ911ም አያስቸግርም፤ ከተሳፋሪው ግድግዳ ጋር የተጠጉት ሦስተኛውና ስድስተኛው ግን ዓይን የማያያቸው፣ ጣት ብቻ የሚያውቃቸው ናቸው። ጠጋኙ መፍቻውን ከማስረዘሚያና ከመተጣጠፊያ ጋር አገጣጥሞ በዳሰሳ ያወርደዋል፤ አዲሱንም ካንዴላ ሲያስገባ ጥርሱ ተጣሞ የአሉሚኒየሙን ቴስታታ እንዳይበላው፣ መጀመሪያ በጣቱ ብቻ ማዞርና ያለ ግድ መግባቱን ማረጋገጥ አለበት። በዚህ ስፍራ ኀይል ወዳጅ አይደለም።

የቫልቩ ሥራ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ስለ ሆነ በዝርዝር መናገር ይገባል። ሞተሩ በየሲሊንደሩ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 12 ቫልቮች አሉት፤ ነፋስና ነዳጅ የሚያስገቡት ስድስቱ ከላይ፣ ጭስ የሚያስወጡት ስድስቱ ከታች ናቸው። እያንዳንዱን ቫልቭ ተጭኖ የሚከፍት ተወዛዋዥ ክንድ ሲኖር፣ በክንዱ ጫፍ ባለው ማስተካከያ ብሎንና በቫልቩ ራስ መካከል 0.10 ሚሊ ሜትር፣ ይኸውም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ክፍተት ሊኖር ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከሰፋ ሞተሩ ይንኳኳል፤ ከጠበበ ደግሞ ቫልቩ አጥብቆ ስለማይዘጋ በእሳቱ ይቃጠላል። በየ24,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍተቱ ሁሉ አንድ በአንድ እየተለካ መስተካከል አለበት፤ ብረቱ በሙቀት ሲሰፋ ልኩ ስለሚዛባም፣ ሥራው የሚሠራው መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ጠጋኙ የቫልቮቹን ክዳኖች ካወለቀ በኋላ፣ የኮሎውን መዘውር በመፍቻ እያዞረ በጠርዙ ላይ የተቀረጸውን ምልክት ከስፍራው ጋር ያገናኛል፤ የአንደኛው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች ዘግተው ክንዶቻቸው በነጻነት ሲነቃነቁ፣ የዚያኑ ሲሊንደር ክፍተት ይለካል። ከዚያም መዘውሩን 120 ዲግሪ እያዞረ፣ እሳቱ በሚነሣበት ተራ፣ አንድ፣ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት፣ አምስት እያለ ይቀጥላል፤ መዘውሩ ሁለት ሙሉ ዙር ሲዞር ተራው ይፈጸማል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ነገሩ እንደ ዳዊት ንባብ የተለመደ ይመስላል። በተግባር ግን የላዮቹ ቫልቮች በቧንቧዎች ሥር ስለ ተደበቁ ጠጋኙ ከላይ በወገቡ ታጥፎ፣ የታቾቹ ደግሞ ከመኪናው ሆድ ሥር ስለ ሆኑ በጀርባው ተንጋሎ ይሠራል፤ በሞተሩ ውስጥ የቀረውም ዘይት ክዳኑ ከተከፈተ ጀምሮ በክንዱ ላይ እየተንጠባጠበ ወደ ብብቱ ይወርዳል።

በዚህ ሁኔታ በአንድ እጁ 13 ቍጥር መፍቻ፣ በሌላው ካቻቢቴ ይይዛል፤ ክፍተቱን የሚለካው ስስ ብረት ደግሞ ሦስተኛ እጅ ይፈልጋል። ብሎኑን አዙሮ ልኩን ያገኛል፤ ነገር ግን ልኩን የሚያጸናውን ዳዶ ሲያጠብቅ ብሎኑ ከዳዶው ጋር ጥቂት ይዞራል፣ ክፍተቱም ይጠብባል። እንደገና ይፈታል፣ እንደገና ያጠብቃል። ልኩ ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን የሚፈርድለት ዓይኑ ሳይሆን፣ ስሱ ብረት ሲሳብ በጣቱ ላይ የሚሰማው ልስልስ መያዝ ነው፤ ይህን መያዝ ደግሞ መጽሐፍ ሊያስተምረው አይችልም። ስሱ ብረት በተደጋጋሚ እየታጠፈ የሚሰበርበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ስባሪው ተገኝቶ እስኪወጣ ድረስ ሥራው አይቀጥልም። ስለዚህ በሙያው የገፉ ሰዎች ሌላ ዘዴ አበጁ፤ በቫልቩ ጫፍ በኩል መለካቱን ትተው፣ ክንዱን የሚያወዛውዘው ዘንግ፣ ማለት ካምሻፍቱ፣ ክንዱን በሚነካበት በወዲያኛው ጫፍ ሁለት መለኪያዎች ያስገባሉ፤ ቀጭኑ ከገባና ወፍራሙ እንቢ ካለ ልኩ ደርሷል ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ዘዴ የጣትን ፍርድ በአዎንና በአይደለም ስለሚተካው ለጀማሪ የሚመከረው እርሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከቴስታታው ላይ የጭስ ቧንቧዎቹን የሚያስሩት ዳዶዎች ነገር ነው። በ911 የተሳፋሪው ክፍል የሚሞቀው በጭስ ቧንቧዎቹ ዙሪያ በተሠሩት የሙቀት ሣጥኖች ውስጥ በሚያልፈው ነፋስ ስለ ሆነ፣ ሣጥኖቹ ግዙፎች ናቸው፤ ከዳዶዎቹም ከፊሎቹ የሚገኙት በሣጥኑ ቀዳዳ ውስጥ ረጅም መፍቻ በማስገባት ብቻ ነው። ብረቱ ለብዙ ዓመታት በእሳት ሲግል፣ በክረምትም ጀርመኖች በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ሲበላው፣ ዳዶው ከተሸከመው ቡሎን ጋር አንድ አካል ይሆናል። ጠጋኙ የሚሰርግ ዘይት ደጋግሞ ይቀባል፣ በእሳት ያሞቃል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂት በጥቂቱ ያነቃንቃል፤ በመፍቻው ላይ የነበረው ግትርነት ድንገት ሲለሰልስ ዳዶው ተፈታ ወይም ቡሎኑ ተሰበረ፤ የትኛው እንደ ሆነም ወዲያው አይታወቅም። ከተሰበረ መብሻው የሚገባው ወደ ብረቱ ቢሆንም፣ ብረቱ በዙሪያው ካለው አሉሚኒየም የጠነከረ ስለ ሆነ መብሻው ወደ ለስላሳው ይሸሻል፤ ስለዚህ መብሻውን በመካከል የሚያጸና መምሪያ ሳያስሩ መብሳት ቴስታታውን ማጥፋት ነው።

መኪናውን እዚያው በጀርመን አገር ለሚጠግን ሰው የአገሩ ሥርዓትም በሥራው ላይ የራሱ ድርሻ አለው። የጀርመን ሕገ መንግሥት እሑድንና በዓላትን፣ በ1919 ከወጣው ከቫይማር ሕገ መንግሥት በወረሰው አንቀጽ፣ የሥራ ዕረፍትና የመንፈስ ተመስጦ ቀኖች አድርጎ ስለሚጠብቃቸው፣ ቅዳሜ የተጀመረ ሥራ ሳይፈጸም ሲመሽ ጠጋኙ መዶሻውን ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል። የራሱ ጋራዥ የሌለው ሰው፣ ማንሻና መሣሪያ በሰዓት ሒሳብ በሚከራይበት የሕዝብ ጋራዥ ሊሠራ ይችላል፤ በዚያም አንድ የተጣበቀ ዳዶ ጊዜን ብቻ ሳይሆን ገንዘብን ይበላል።

ዘይት መለወጥ ከሁሉ ይቀላል፤ ሆኖም የራሱ ምሥጢር አለው። የ911 ዘይት ከሞተሩ ሥር ሳይሆን ከቀኙ የኋላ ጎማ አጠገብ በተለየ በርሜል ውስጥ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ጠቅላላ ልኩ ወደ 13 ሊትር ይደርሳል። መውጫው ሁለት ነው፣ አንዱ ከበርሜሉ አንዱ ከሞተሩ፤ በፊተኛው ማቀዝቀዣና በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ግን እዚያው ይቀራል። ልኩም የሚታየው ሞተሩ ሞቆ፣ በደልዳላ ስፍራ፣ ሳይጠፋ በቀስታ እየዞረ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ የለካ ሰው ጐደለ ብሎ ሲጨምርበት፣ ትርፉ ዘይት ወደ ነፋስ ማስገቢያው ይገፋና ጭስ ይሆናል። አሮጌውን ዘይት በተመለከተ የጀርመን ሕግ መልካም ነው፤ ዘይት የሚሸጥ ነጋዴ በሸጠው ልክ አሮጌውን ያለ ክፍያ መልሶ እንዲቀበል ይገደዳል።

ቡሎን የተሰበረበት፣ ወይም ፍሪሲዮን ያለቀበት ሰው የመጨረሻ ማረፊያው ሞተሩን ማውረድ ነው። ባትሪው ይፈታል፣ ዘይቱ ይፈሳል፤ የነዳጁና የዘይቱ የጎማ ቧንቧዎች፣ የኤሌክትሪኩ ገመዶች፣ የማርሹ መያያዣና የኋላ ጎማዎችን የሚያዞሩት ዘንጎች በተራ ይለያያሉ፤ በመጨረሻም ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ሞተር ከነካምቢዮው ተሸክመው የቀሩት አራት ታላላቅ ቡሎኖች ብቻ ናቸው። ከሥሩ ክሪክ ይገባል፣ ቡሎኖቹ ይፈታሉ፣ ሞተሩ ይወርዳል። የቮልስን ሞተር አውርዶ የሰቀለ የአዲስ አበባ መካኒክ ይህን ቢያይ ወዲያው ያውቀዋል፤ የቮልሱም ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎኖች ነበርና። ሞተሩ መሬት ላይ ሲያርፍም ሦስተኛውና ስድስተኛው ካንዴላ፣ የላዮቹ ቫልቮችና የሣጥኖቹ ዳዶዎች ሁሉ ተገልጠው በእጅ ፊት ይቀመጣሉ፤ ብልህ ባለቤትም በዚያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን፣ የዘይት ማገጃዎቹንና ያረጁትን የጎማ ቧንቧዎች አብሮ ይለውጣል።

ይህን መኪና ሊገዛ የሚያስብ ሰው ከቀለሙና ከወንበሩ ቆዳ አስቀድሞ በባትሪ መብራት ከሥር ገብቶ የጭስ ቧንቧውን ዳዶዎች ይመልከት፤ የተድቦለቦለ ወይም የጐደለ ካለ ቴስታታው የሚያስፈልገውን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ። የቫልቮቹ ክፍተት መቼ እንደ ተስተካከለ የሚያሳየውን ደረሰኝ ይጠይቅ። ጧት ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ቢያይ ግን አይደንግጥ፤ ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ በመሆናቸው ሌሊት ጥቂት ዘይት ወደ ውስጥ ይሰርጋልና፣ ጭሱ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ግዢውን ይተው።