ልጁ ስክሪን ላይ ሲውል ምን ይቀርበታል?

«ልጄ በቀን ስንት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ቢቆይ ይጎዳዋል?» ብሎ ለሚጠይቅ ወላጅ የሐኪሞች መልስ ሲለዋወጥ ኖሯል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1999 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቴሌቪዥን እንዳያይ መከረ። በ2016 ክልከላውን ወደ 18 ወር ዝቅ አድርጎ፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉት በቀን 1 ሰዓት ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ለትንንሾቹ ተቀራራቢ ገደብ አወጣ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅ ግን ለሁሉም የሚሆን ቁጥር ለማስቀመጥ የሚያበቃ ማስረጃ የለም አለ።

ችግሩ «ስክሪን» የሚባለው አንድ ነገር አለመሆኑ ነው። የቤት ሥራውን የሚሠራው፣ ከጓደኞቹ ጋር ጌም የሚጫወተውና አፉን ከፍቶ ካርቱን እያየ የሚጎርሰው ልጅ ሰዓታቸው እኩል ስለሆነ ብቻ ጉዳታቸው እኩል አይሆንም። ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2019 የታተመ ጥናታቸው ላይ ከ350 ሺህ በላይ የሚሆኑ ታዳጊዎችን መረጃ ፈትሸው ነበር። በታዳጊዎቹ የኑሮ ደስታ መካከል ካለው ልዩነት የዲጂታል መሣሪያ አጠቃቀም የሚያስረዳው ቢበዛ 0.4 በመቶውን ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ግን አማካይ ስለሆነ ክፉኛ የሚጎዳውን አንድ ልጅ ሊሸሽግ ይችላል። ለእኔ የሚሻለው ጥያቄ ልጁ እዚያ በተቀመጠበት ሰዓት ምን አመለጠው የሚለው ነው።

አንዱ ጨዋታና ወሬ ነው። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ባሳተሙት ሙከራ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። ተናጋሪዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያጫወቷቸው ሕፃናት የቋንቋውን ድምፆች ለዩ፤ ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ግን ምንም አልያዙም። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆነው ሕፃኑ ከዩቲዩብ መዝሙር አማርኛ እንዲለምድ የሚጠብቁ ወላጆች ይህን ቢያስቡበት ይበጃል። አያት ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ስትደውል ግን ሌላ ነው፤ ሲስቅ ትስቅለታለች፣ ሲንተባተብ ትመልስለታለች። የአሜሪካው አካዳሚ የ2016 ምክርም የቪዲዮ ጥሪን ከክልከላው አውጥቶታል።

እንቅልፍ ላይ ብዙ ክርክር የለም። የማታ ብርሃን ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ያዘገያል፤ «አንዴ ብቻ ልጫወት» የሚለው ልመና ደግሞ ከብርሃኑም የባሰ ይመስለኛል። ጨዋታውን በሰዓት የገደበ አገርም አለ፤ ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የኢንተርኔት ጌም እንዲጫወቱ የፈቀደችው ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው።

ዓይን ላይ የተገኘው ነገር ከሁሉም ይገርማል። ሩቅ ያለውን አጥርቶ አለማየት የሚመጣው የዓይን ኳስ ከልኩ በላይ ሲረዝም ነው። ጣት የሚቀሰረው ስክሪን ላይ ቢሆንም፣ በታይዋን የተማሪዎች መነጽር መብዛት ታብሌት ሳይፈጠር፣ ገና በ1980ዎቹ መንግሥትን አሳስቦ ነበር። አቅርቦ ማየት፣ መጽሐፍም ይሁን ስልክ፣ ድርሻ አለው። ትልቁ ጉድለት ግን የቀን ብርሃን ነው። ደማቅ ብርሃን ሬቲና የተባለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ይህም የዓይን ኳስን እድገት እንደሚገታ ይታመናል። ደመናማ ቀን እንኳ ውጭ ያለው ብርሃን ከክፍል ውስጡ ብዙ እጥፍ ነው።

በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ የተደረገና በ2015 የታተመ ሙከራ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችን በትምህርት ቀናት ለተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ አወጣቸው። ከ3 ዓመት በኋላ ሩቅ አጥርቶ ያለማየት ችግር የጀመራቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ እንደወትሮው በተማሩት ዘንድ 39.5 በመቶ ደረሰ። ታይዋን በ2010 በቀን 2 ሰዓት ውጭ መዋልን የትምህርት ቤቶች ሥራ አደረገችው፤ ለዓመታት ሲያሻቅብ የቆየው ችግሩ ያለባቸው ተማሪዎች ቁጥርም መውረድ ጀመረ።

ፀሐይ የሞላባት አዲስ አበባ ውስጥ ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ተከራይተው የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የእረፍት ሰዓቱ ጠባብ ግቢ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ የሚመለሰው ልጅ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ በመኪና ተይዞ ሲያገኘው ወደ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ እናቱም ከሥራ እስክትገባ ስልክ ይዞ ይቆያል። በዚህ ቤት ሰዓት ለመገደብ ከመሟገት በፊት የግቢው ኮሚቴ መኪኖቹን ወደ አንድ ጥግ ቢያስጠጋ ልጁ የሚጫወትበት ቦታ ያገኛል።