ያውቁ ኖሯል? አንድን ጡንቻ በሳምንት ስንቴ?

ሰኞ ማታ ጂም ጎራ ቢሉ ቤንች ፕሬሱ ጋ ወረፋ አለ። ማክሰኞና ረቡዕ ቢመለሱም እነዚያው ልጆች እዚያው አግዳሚ ላይ ተጋድመው ያገኟቸዋል። ደረት በሳምንት ስድስት ቀን፣ እግር በወር አንዴ! ትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙው ላባቸው በከንቱ መፍሰሱ ነው። አንድ ጡንቻ በሳምንት ስንት ቀን ይሠራ? ስንት ቀንስ ይረፍ? እነሆ በአጭር በአጭሩ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

• በሰውነታችን ውስጥ ከ600 በላይ ጡንቻዎች እንዳሉ ያውቁ ኖሯል? ደግነቱ አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም። ለስፖርት ሲባል በስምንት ቤት ይጠቃለላሉ፤ ደረት፣ ጀርባ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ ሆድ፣ መቀመጫ፣ ጭንና ባት።

• ጡንቻ የሚገነባው ብረት በሚገፉበት ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ መሆኑንስ? በ1995 የካናዳ ተመራማሪዎች ስድስት ወጣቶችን አንድ ክንዳቸውን ብቻ አሠርተው ካልተሠራው ጋር አነጻጸሩ። ከ4 ሰዓት በኋላ በተሠራው ክንድ የጡንቻ ፕሮቲን ግንባታ በ50 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በ24 ሰዓት ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ36 ሰዓት ግን ወደነበረበት ሊመለስ ጥቂት ነበር የቀረው። ሰኞ የተሠራ ጡንቻ ማክሰኞ ገና ግንባታ ላይ ነው፤ ሐሙስ ግን ሥራ ፈትቶ ይጠብቅዎታል።

• የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች ሁሉ ዋና ዋና ጡንቻዎቻቸውን ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን እንዲያሠሩ እንደሚመክር ያውቁ ኖሯል? ምክሩ ለስፖርተኛ ብቻ አይደለም። ለባንክ ሠራተኛውም፣ ለታክሲ ሾፌሩም፣ ለቤት እመቤቷም ነው።

• ሁለቴ ከአንዴ እንደሚሻልስ? በ2016 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ጡንቻን በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሠራት አንድ ጊዜ ከማሠራት ይበልጥ እንደሚያሳድገው አሳይቷል። በ2019 የተከተለው ትንተና ደግሞ ነገሩን አጠራው፤ የሳምንቱ የዙር (ሳያርፉ በተከታታይ የሚሠራ ድግግሞሽ) ብዛት እኩል ከሆነ በስንት ቀን መከፋፈሉ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ቁም ነገሩ ሥራው በደንብ መሠራቱ ነው። በአንድ ቀን 16 ዙር ደረት የሚሠራ ሰው የመጨረሻዎቹን ዙሮች የሚገፋው በዛለ ክንድ ነው። ሰኞ 8፣ ሐሙስ 8 ቢያደርገው ግን ሁሉንም በጉልበት ይሠራቸዋል።

• ጡንቻ ለማሳደግ በሳምንት ለአንድ ክፍል 10 ዙር ገደማ ጥሩ መነሻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጀማሪ ከዚያ ባነሰም ያድጋል። በመጀመሪያው ወር የነባሮቹን ፕሮግራም መቅዳት አያስፈልገውም።

• ሳያውቁት አንዱን ጡንቻ ሦስት ቀን በተከታታይ ሊያሠሩ እንደሚችሉስ? ብዙ ጂም ውስጥ የማየው ፕሮግራም እንዲህ ይላል፦ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ትከሻ፣ ረቡዕ ትራይሴፕስ (የክንድ ጀርባ)። ሲያዩት እያንዳንዱ ክፍል ሳምንቱን ሙሉ የሚያርፍ ይመስላል። ነገር ግን ቤንች ፕሬስ ሲገፉ ከደረት ጋር የትከሻ ፊትና ትራይሴፕስ ይሠራሉ። ማክሰኞ ብረቱን ከጭንቅላት በላይ ሲገፉ እነዚያው ሁለቱ ይደገማሉ። ረቡዕ ትራይሴፕስ ለሦስተኛ ጊዜ ይጠራል። ጀርባ በሚሠሩበት ቀንም ባይሴፕስ (የክንድ ፊት) አብሮ እንደሚጎትት አይርሱ። ፕሮግራም ሲያወጡ የቀኑን ስም ትተው እንቅስቃሴውን ይቁጠሩ።

• በማግስቱ የሚሰባብረን ሕመም ከላክቲክ አሲድ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ከዚህ አሲድ ጋር የሚያያዘው ላክቴት ስፖርቱ ካበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል። ሕመሙ ግን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚብሰው። መነሻው ጡንቻ እየተለጠጠ ሸክም ሲይዝ የሚደርስበት ጥቃቅን ጉዳት ነው። ስኳት በሠሩ በማግስቱ ከሦስተኛ ፎቅ ይውረዱ፤ ጭንዎ በእያንዳንዱ ደረጃ ይንቀጠቀጣል፣ እጅዎ መደገፊያውን አይለቅም። መውጣቱ ከመውረዱ ይቀልዎታል።

• ሕመም የለም ማለት አልሠሩም ማለት እንዳልሆነስ? ጡንቻ አንዴ የተጎዳበትን እንቅስቃሴ ሲደግሙት ይለምደዋል፤ ጉዳቱም ሕመሙም ይቀንሳል። የሥራዎ ልክ የሚታወቀው በሚያነሱት ክብደትና በድግግሞሹ እድገት ነው።

• ሆድ በየቀኑ መሠራት እንደሌለበት ያውቁ ኖሯል? የሆድ ጡንቻም እንደሌላው እረፍት ይፈልጋል። በቀን 200 ሲት አፕ መሥራትም በሆድ ላይ ያለውን ስብ ለይቶ አያቀልጥም።

• ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚጠነክርስ? የደም አቅርቦቱ አነስተኛ ስለሆነ ጡንቻዎ ዝግጁ ሲሆን እሱ ገና ነው። ለዚህም ነው እረፍት የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ከጡንቻው በፊት ክርኑን፣ ትከሻውንና ጉልበቱን የሚያመው።

• ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም በ1940ዎቹ የቆሰሉ ወታደሮችን በከባድ ክብደት ማሠራት እንደጀመረ ያውቁ ኖሯል? ክብደትን ደረጃ በደረጃ መጨመር የሚለውን ዘዴ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። በመጀመሪያ ከ7 እስከ 10 ዙር ያሠራ ነበር። በ1948 ግን ሦስት ዙር በ10 ድግግሞሽ በቂ ነው ብሎ ቀነሰው። ዛሬም ጂም ውስጥ በብዛት የሚሰማው ይኸው ልክ ነው።

• የሻምፒዮኖች ፕሮግራም እርስ በርሱ እንደሚጣላስ? እንግሊዛዊው የሰውነት ግንባታ ስፖርተኛ ዶሪያን ዬትስ በሳምንት አራት ቀን ብቻ እየሠራ ከ1992 እስከ 1997 ስድስት ጊዜ ሚስተር ኦሊምፒያ ሆነ። የቡልጋሪያው ክብደት ማንሳት አሠልጣኝ ኢቫን አባጂዬቭ ደግሞ ልጆቹን በየቀኑ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ከባድ ክብደት ያስነሳ ነበር። በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ግን ሁለት ቡልጋሪያውያን በተከለከለ መድኃኒት ወርቃቸውን ተነጠቁ፤ ቡድኑም ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ከሥራ መልስ ጂም የሚገባ ሰው የሻምፒዮኖችን ፕሮግራም ሊቀዳ አይገባም።

• ሰውነት የጂም ሸክምን ከሥራ ሸክም እንደማይለይ ያውቁ ኖሯል? ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለ ወጣት ጀርባውና እግሩ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ማታ ዴድሊፍት መጨመሩ ብርታት አይደለም።

• ከልክ ያለፈ ሥልጠና የሚያስከትለው ሕመም ለወራት ሊያስተኛ እንደሚችልስ? የጥቂት ቀን ድካም በጥቂት ቀን እረፍት ይለቃል። ዋናው ሕመም ግን ሌላ ነው፦ እንቅልፍ ይሸሻል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ በትንሽ ነገር ያስቆጣል፣ ያለፈው ሳምንት ክብደት ዛሬ አልነሳም ይላል። በአንድ የደም ምርመራ የሚለይ አይደለም፤ ስለዚህ ራስዎን ይከታተሉ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ሁለት ጣትዎን ከአውራ ጣትዎ በታች አንጓዎ ላይ ያሳርፉ፤ የልብ ምትዎን ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በሁለት ያባዙና ደብተር ላይ ይጻፉት። ለቀናት ከወትሮው ከፍ ካለና ከላይ ያሉት ምልክቶች ከተከተሉት ሰውነትዎ እረፍት እየለመነ ነው።

• ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ወደ ሆስፒታል መሮጥ እንዳለብዎ ያውቁ ኖሯል? የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ንጥረ ነገር ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። ሐኪሞች በ1941 ለንደን ውስጥ በቦምብ በፈረሰ ቤት ሥር ተጭነው የቆዩ ሰዎች ላይ ይህንኑ ጉዳት አይተው ጽፈዋል። ጂም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ በመጣ ሰው ላይ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን የድሮውን ልኩን ልሥራ ሲል።

• ያገኙትን ጡንቻ ለማቆየት በጣም ጥቂት ሥራ እንደሚበቃስ? በ2011 አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት ለ16 ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን የሠሩ ወጣቶች ከዚያ በኋላ ሥራቸውን ወደ አንድ ዘጠነኛ ቀንሰው፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እየሠሩ፣ ጡንቻቸውን ለ32 ሳምንት ጠብቀዋል። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ግን መጠኑን ለማቆየት ከዚያ የበለጠ ያስፈልጋቸው ነበር። በሁዳዴ ወይም በረመዳን ሥራ መቀነስ ያስፈራዎት ከነበረ ይህ የምሥራች ነው።

• ምስር ጡንቻ እንደሚሠራ ያውቁ ኖሯል? አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ክብደት የሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው 1.6 ግራም ያህል ይበቃዋል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን 112 ግራም ማለት ነው። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላው ይህን ለመሙላት ይረዳሉ።

• የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ መሆኑንስ? እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ እያዩ ማምሸት የሥልጠናውን ፍሬ ይቀንሳል።

• በ1990 ቦስተን ውስጥ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አረጋውያን በሳምንት ሦስት ቀን ለ8 ሳምንት እግራቸውን አሠርተው ጉልበታቸው በአማካይ በ174 በመቶ እንደጨመረ ያውቁ ኖሯል? በአንድ ቀንና በሌላው መካከል ግን ያርፉ ነበር። ቤት ላሉት እናትና አባትዎም ይንገሯቸው፤ ከሐኪም ተማክረው ይጀምሩ።

• ልብዎ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል የሚመታ ጡንቻ ሆኖ ሳለ እሱም እንደሚያርፍ ያውቁ ኖሯል? በእረፍት ላይ ሲሆኑ በሁለት ምት መካከል የሚላላበት ጊዜ ከሚኮማተርበት ይበልጣል።

እንግዲህ ፕሮግራምዎን እንዲህ ያውጡ። ጀማሪ ከሆኑ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ መላ ሰውነትዎን ይሥሩ። ነባር ከሆኑ ሰኞና ሐሙስ ከወገብ በላይ፣ ማክሰኞና ዓርብ ከወገብ በታች ይሥሩ። እያንዳንዱን ጡንቻ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ያሠሩት፣ በመሃሉም 48 ሰዓት ያህል እረፍት ይስጡት። እሑድን ደግሞ ለቤተሰብዎ ይተዉት፤ ብረቱ ሰኞም እዚያው አለ።