አያት በድንገት ሲያርፉ

በገጠር ቤት ውስጥ አያት ማለት ምሰሶ ማለት ናቸው። ልጃቸው እርሻ ሲውል እሳቸው የልጅ ልጆችን ያያሉ፤ ከብት ይመልሳሉ። የዘር እህል ይመርጣሉ። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያስታርቃሉ። ማታ ማታ እሳት ዳር ተረት ይነግራሉ፤ ልጆቹን ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሯቸዋል። ስለዚህ አያት አንድ ቀን ሳይታሰብ ሲያርፉ ከቤቱ የሚጎድለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሥራ ይጎድላል፤ ምክር ይጎድላል፤ ብዙ እውቀትም አብሮ ይቀበራል።

ታሞ የሚሞት ሰው ጊዜ አለው። ልጆቹን ይጠራል፤ ያበደረውንና የተበደረውን ይናገራል፤ ተናዞና መርቆ ይሄዳል። በድንገት የሚሞት ሰው ግን ይህን አያገኝም። ማታ በደህና ተኝተው ጧት ሳይነሡ የሚቀሩ አሉ። ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ የሚወድቁ አሉ። ቤተሰቡም «ምነው አንዲት ቃል እንኳ በሰማን!» እያለ ይቆጫል። ይህን ሐዘን ማስቀረት አንችልም። ማቅለል ግን እንችላለን። እንዴት?

1. በመጀመሪያዎቹ ቀናት

መርዶ በጥንቃቄ ይነገራል። በልማዳችን መርዶ የሚነገረው ብዙ ጊዜ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይሆንምና። ዛሬ ስልክ በየገጠሩ ገብቷል። ልጅ ከተማ ወይም ዐረብ አገር ሊሆን ይችላል። ብቻውን ላለ ልጅ «አባትህ ሞቱ» ብሎ ስልክ መዝጋት ጭካኔ ነው። አስቀድሞ አጠገቡ ያለ ወዳጅ ፈልጎ በሱ በኩል ማርዳት ይሻላል።

ሕፃናትን «አባባ መንገድ ሄዱ» እያልን አናታልላቸው። ሕፃኑ በር በሩን እያየ ይጠብቃል፤ ኋላም አያምነንም። «አባባ ሞተዋል፤ አይመለሱም፤ እኛ ግን አብረንህ ነን» ብለን በለሰለሰ ቃል እንንገረው።

ከሁሉ በላይ አያቲቱን እናስብ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው የኖሩትን ባል ያጡ እናት እህል እንቢ ሊላቸው፣ እንቅልፍ ሊያጡ ይችላሉ። ማልቀስ አንከልክላቸው፤ እንባ ሐዘንን ያወጣል። ደረት መምታትና ፊት መንጨት ግን ቁስል ያመጣል እንጂ የሞተ አይመልስም። እጃቸውን ይዘን «ይተዉ እማማ፣ ለልጆቹ ሲሉ» እንበላቸው። አጥሚት ትኩስ ትኩሱን እናቅምሳቸው። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም እንዳያቋርጡ እናስታውሳቸው። ሌሊት ብቻቸውን አይደሩ።

እድር ያለበት ሰፈር እዚህ ላይ ይጠቀማል። እድርተኛው መቃብር ይቆፍራል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል። ሐዘንተኛው ምግብ ልሥራ ብሎ እንዳይደክም እንጀራና ወጥ ከየቤቱ ይመጣል። በወሎ ደግሞ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸኛል፤ አንዱ የሌላውን ቤት ያጽናናል። ሐዘን ሃይማኖት አይለይም።

2. ሰው ከተበተነ በኋላ

ሠልስት ከወጣ በኋላ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ሰውም ወደየሥራው ይበተናል። ትልቁ ችግር የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። መሬት ሐዘን አያውቅም። የደረሰ ጤፍ በጊዜው ካልታጨደ ይረግፋል። በሐምሌ ያልታረመ ማሳ በአረም ይዋጣል። ላምም ሐዘን ነው ብላ ሳትታለብ አታድርም።

ስለዚህ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለን ከመሄዳችን በፊት «የትኛው ሥራ ቀርቷችኋል?» ብለን እንጠይቅ። ጠይቀን ዝም አንበል፤ ቀን እንቁረጥ። አንድ ሰው ሳምንት የሚደክምበትን ማሳ ደቦ በአንድ ቀን ያነሣዋል። በሬ ያለው በሬ ያውስ። ጎረምሳው ለአያቲቱ ውሃ ይቅዳ፤ እንጨት ይፍለጥ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። እርዳታው ደግሞ ለአንድ ሳምንት ብቻ አይሁን። ቢያንስ አንድ የአዝመራ ወቅት አብረናቸው እንቁም።

3. ተዝካርና የእርሻ በሬ

በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ዘንድ በአርባ፣ በሰማንያና በሙት ዓመት መታሰቢያ ይደረጋል። በሙስሊሙም ዘንድ ዱዓና ሰደቃ አለ። ጸሎትና ምጽዋት መልካም ነው። ጉዳት የሚመጣው «ሰው ምን ይለኛል?» የሚል ሐሳብ ሲገባበት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት በሬ ያለው ገበሬ አባቱ በድንገት አረፉበት እንበል። ሰው እንዳያማው ብሎ ለተዝካሩ አንዱን በሬ አረደ። ጌሾውንና ብቅሉን በብድር ገዛ። እንግዳው በላ፣ ጠጣ፣ መርቆ ሄደ። የእርሻ ወቅት ሲመጣ ግን አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ገበሬው መሬቱን ለእኩል ሰጠ። የምርቱ ግማሽ ለአራሹ ሆነ። ከቀረው ላይ ብድሩን ከፈለ። ታዲያ ልጆቹ ክረምቱን ምን በልተው ይክረሙ? አያትየው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ የልጅ ልጆቻቸው እንዲራቡ ይወዱ ነበር?

ሌላው ገበሬ ደግሞ በአቅሙ አደረገ። ጸሎቱን አስደረሰ፤ ጥቂት ጠላ ጠመቀ፤ ለድሆች ዳቦ አደለ። ጎረቤትም ከየቤቱ መሶብ ይዞ መጣ። ሁለቱም በሬዎች ቀሩ። አባቱ ከዚያኛው ያነሰ አልተከበሩም።

ይህን ለሐዘንተኛው ብቻ መተው የለብንም። ሐዘንተኛ በሬውን የሚያርደው አፍሮ ነው። የሚያሳፍረውም እኛው ነን። የእድር ዳኞች፣ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቶች ቀድመው ቤቱ ሄደው «በአቅምህ አድርግ፤ የሚያማህ የለም» ቢሉት ያ ቤት ይድናል።

4. አያት በቃል የያዙት ጉዳይ

እህል ያበደሩት ለማን ነው? ለርቢ የሰጧት ላም የት ናት? የማን ብር አለባቸው? የማሳው ድንበር ከየትኛው ድንጋይ እስከ የትኛው ዛፍ ነው? ይህ ሁሉ ሳይጣራ ከቆየ ወንድምና ወንድም ችሎት ይቆማሉ። ስለዚህ ሐዘኑ ጥቂት በረድ ሲል ቤተሰቡ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ጠርቶ ይቀመጥ። መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉንም በደብተር ይጻፍ፤ ያንብብላቸው፤ ተስማምተው ይፈርሙ።

ቀበሌ ሄዶ የሚፈጸምም ጉዳይ አለ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። የሞት ምስክር ወረቀት ለውርስ ጉዳይ ይጠቅማል። የመሬት ይዞታ ደብተሩም በማን ስም እንደሆነ ይታይ። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ከሆነ የአያት መሞት የአያቲቱን መብት አያጠፋውም። «አሮጊት ምን ታውቃለች» ብሎ ከድርሻቸው የሚገፋቸው ሰው እንዳይኖር እንጠብቃቸው።

5. በጽሑፍ ማስታወስ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ገበሬ በጎልማሳነቱ ፊደል ቆጥሯል። ከዚያ ወዲህም ብዙ ጎልማሳ ተምሯል። ፊደል የሚቆጠረው ደረሰኝ ለማንበብ ብቻ አይደለም። የምንወደውን ሰው ከመረሳት ለማዳንም ነው።

ምን እንጻፍ? በመጀመሪያ የአያትን ስም ከነአባቶቻቸው እስከ ሰባት ቤት እንጻፍ። የተወለዱበት ዓመት ባይታወቅ በታወቀ ነገር እንለካው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጎረምሳ ነበሩ? ወይስ አግብተው ነበር? ቀጥለን ሥራቸውንና እውቀታቸውን እንጻፍ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ያልደረቀው ምንጭ የቱ ነው? ዝናብ ሲዘገይ የሚዘሩት ምን ነበር? ማንን ከማን አስታረቁ? የሚያስቀውንም አንተው፤ ልጆች አያታቸውን በሣቅም ያስታውሷቸዋልና።

አንድ ሰው ሁሉን አያውቅም። አያቲቱ የሚያውቁት አለ። በሬ ያቀናጇቸው ጎረቤት የሚያውቁት ሌላ አለ። የልጅ ልጅ እየዞረ ጠይቆ ይጻፍ። ሲጽፍ አያቲቱ አጠገቡ ተቀምጠው ያውጉት። ማውጋት ለሳቸውም መጽናኛ ነው።

6. በሕይወት ያሉት አያቶችስ?

ሞት እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ዛሬ ቤታችን ያሉትን አያት ዛሬ እንጠይቃቸው። ንብረታቸውን በሚመለከትም ኑዛዜ መጻፍ ሟርት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሰው ኑዛዜውን ራሱ ሊጽፍ ይችላል። ሙሉውን በገዛ እጁ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ማስፈር፣ በየገጹ ቀን መጻፍና መፈረም አለበት። በራሱ መጻፍ የማይችል ደግሞ ሌላ ሰው ጽፎለት በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። ይህን ያደረጉ አያት ድንገት ቢያርፉ እንኳ ቃላቸው አልቀረም።

የሞተን ሰው መውደድ የሚታወቀው በለቅሶው ብዛት አይደለም። ማሳው ሳይታጨድ እንዳይቀር፣ ልጆቹ እንዳይራቡ፣ ሚስታቸው ብቻቸውን እንዳይቀሩ፣ ስማቸው እንዳይረሳ በምናደርገው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን ለተዝካር ሲባል በሬ የሸጠ ወይም ያረደ ሰው አለ? በኋላ ምን ገጠመው?
2. እድራችን ከቀብር በኋላም ሐዘንተኛውን በእርሻ ሥራ የሚረዳበትን መንገድ እንዴት ማበጀት ይቻላል?
3. የአያታችሁን ስም እስከ ሰባት ቤት ጻፉ። የማታውቁትን ማንን ትጠይቃላችሁ?