ለቃር የሚዋጠው ክኒን፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

ዕለቱ ቅዳሜ ነው እንበል። በጂንካ ገበያ እህል ባፍዎ ሳይዞር ውለው፣ የገዙትን በቆሎና ጎመን ተሸክመው ማታ ከቤትዎ ደረሱ። ቆጮውን በዳጣ እያጣቀሱ እስኪጠግቡ በሉ፤ ቡናውም ተፈላ፤ ከዚያ ድካሙ አሸነፈዎትና ጋደም አሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ግን ከደረትዎ ሥር እንደ ፍም የሚያቃጥል ነገር እስከ ጉሮሮዎ ወጣ፤ አፍዎንም ኮምጣጣ ውኃ ሞላው። በማግሥቱ ይህን የሰማች ጎረቤት፣ «እኔንም ሲያመኝ የሚያሽለኝ ይኸው ነው» ብላ ከሳጥኗ ሁለት ክኒን አውጥታ ሰጠችዎት።

ጎረቤትዎ የሰጠችዎት ከደግነት ነው። ነገር ግን ክኒኑ ምን እንደሆነ፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማ እንደሆነ እርሷም አታውቅ፤ እርስዎም አልጠየቋት። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ይሆናል።

ቃር ከየት ይመጣል?

ጨጓራ ምግብን ለማድቀቅ ኃይለኛ አሲድ ያመነጫል። የምግብ ቧንቧና ጨጓራ በሚገናኙበት ቦታም እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ ሲላላ አሲዱ ሽቅብ ይወጣና የምግብ ቧንቧን ያቃጥላል። ቃር የምንለው ይህንኑ ነው። ጠግቦ ወዲያው መተኛት፣ አረቄ፣ ሲጋራና የሰውነት ክብደት መጨመር ያባብሱታል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ፕሮጄስቴሮን የተባለው ሆርሞን ጡንቻውን ስለሚያላላ፣ እያደገ የሚሄደው ማኅፀንም ጨጓራን ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ብዙ እናቶች በቃር ይቸገራሉ።

መድኃኒቶቹ ሦስት ዓይነት ናቸው

የመጀመሪያዎቹ በጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ የሚያለዝቡ ናቸው። ማግኒዢየም ትሪሲሊኬትና አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ከነዚህ ይመደባሉ። የሚታኘከው ክኒን በደንብ ታኝኮ ሲዋጥ ፈጥኖ ያስታግሳል። ማግኒዢየም ያለበት ሆድ ሊያላላ፣ አሉሚኒየም ያለበት ደግሞ ሆድ ሊያደርቅ ይችላል። ዋናው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም እነዚህ መድኃኒቶች ሌላውን መድኃኒት በሆድ ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ማድረጋቸው ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ለደም ማነስ የተሰጣትን የአይረን ክኒን ከነዚህ ጋር አንድ ላይ መዋጥ የለባትም፤ ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑር። እንደ ኦሞ ቆላ ወባ በሚበዛበት አገር ክሎሮኪን ሊታዘዝ ይችላልና፣ በእርሱና በነዚህ መድኃኒቶች መካከል 4 ሰዓት ማለፍ አለበት። ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ እርሱን ከነዚህ 2 ሰዓት አስቀድሞ፣ ወይም 6 ሰዓት አሳልፎ ይዋጥ።

ሁለተኛዎቹ ጨጓራ የሚያመነጨውን አሲድ የሚቀንሱት ሲሜቲዲን፣ ፋሞቲዲንና ራኒቲዲን ናቸው። ራኒቲዲን ለብዙ ዓመታት በየቤቱ የታወቀ ክኒን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በውስጡ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. የተባለ ነገር ተገኘ፤ በ2020 ሚያዝያ ወር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ራኒቲዲን በሙሉ ከገበያ እንዲወጣ ጠየቀ። እንግዲህ በሳጥንዎ ውስጥ የቆየ ራኒቲዲን ካለ አይዋጡት፤ ወደ መድኃኒት ቤት ወስደው በምን እንደሚተካ ይጠይቁ።

ሦስተኛዎቹ ዛሬ ከሁሉ ይበልጥ የሚታዘዙት እነ ኦሜፕራዞል ናቸው። ኦሜፕራዞል አሲዱ ከምንጩ እንዳይመነጭ ያግዳል። ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ከ1 እስከ 4 ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ ሲያቃጥል ብቻ ተፈልጎ የሚዋጥ ማስታገሻ አይደለም። የሚወሰደው ከቁርስ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ነው። በውስጡ ያሉት ፍሬዎች ከጨጓራ አሲድ የሚከላከል ሽፋን ስላላቸው ሊፈጩ ወይም ሊታኘኩ አይገባም። ሙቀትና እርጥበትም ያበላሹታልና፣ በጸሐይ ላይ ተዘርግቶ በፍሬ የሚቸረቸር ካፕሱል አይግዙ።

ጉዳቱስ?

ኦሜፕራዞል ሐኪም ባዘዘው መጠንና ጊዜ፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሲወሰድ፣ ለአብዛኛው ሰው ደኅና መድኃኒት ነው። አንዳንዱን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ተቅማጥ ይይዘዋል። ችግሩ የሚመጣው ያለ ሐኪም ምክር ለወራትና ለዓመታት ሲለመድ ነው። ያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ማግኒዢየምና ቫይታሚን ቢ12 ሊያንስ ይችላል። ለዓመታት በብዙ መጠን በሚወስዱት ላይ አጥንት የመሰበር አደጋ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ አልፎ አልፎም ኩላሊት ሊቆጣ ይችላል። ለብዙ ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆም ደግሞ ጨጓራ ያንን የታገደ አሲድ አብዝቶ ስለሚያመነጭ ቃሩ ብሶ ይመለሳል። ሰውም በሽታው የተነሣበት መስሎት እንደገና ወደ ክኒኑ ይሮጣል። ስለዚህ ቀስ በቀስ በመቀነስ ማቆም ይሻላል። ሐኪም በምክንያት ለረጅም ጊዜ ያዘዘልዎት እንደሆነ ግን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ።

የጨጓራ ቁስል ሲሆን ነገሩ ይለያል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ቁስሉን በብዛት የሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባክቴሪያው ከተገኘ ኦሜፕራዞል ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር ይታዘዛል። ሻል አለኝ ተብሎ ከመካከል የሚቋረጥ መድኃኒት ባክቴሪያውን ያለማምደዋል እንጂ አያጠፋውም። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰዱት እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉትም ጨጓራን ሊያቆስሉና ሊያደሙ ስለሚችሉ፣ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ አይሸሽጉ።

ቃር ያልሆነ ቃር

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ክኒን ግን ራሱ በሽታን ሊደብቅ የሚችል መሆኑን ልብ ይበሉ። እርግዝናዋ 20 ሳምንት ያለፈ እናት ከጎድን አጥንቷ ሥር ወይም ከእንብርቷ በላይ ሕመም ቢሰማት፣ ከዚህም ጋር ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት ወይም የእጅ እብጠት ቢኖር፣ ይህ ቃር ላይሆን ይችላል። በእርግዝና ጊዜ የሚነሣው የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ እናቲቱንም ፅንሱንም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። «ጨጓራዬ ነው» ብላ ክኒን ውጣ ከተኛች የምታጣው ሰዓት ነው። ከቱርሚ ወይም ከዲመካ ጂንካ ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ሌሊትም ቢሆን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቀስቅሱ፤ የደም ግፊቷ ወደሚለካበት ጤና ጣቢያ ትወሰድ።

ደም ማስታወክ፣ እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰገራ፣ ምግብ አልዋጥ ማለት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ወይም ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚዘልቅና ላብ የሚያጠምቅ የደረት ሕመም ሲታይም ክኒን ሳይሆን ሐኪም ይፈለግ።

ቀላሉን ቃር ግን አስቀድመው በቤትዎ ይሞክሩት። ጥቂት ጥቂት እያሉ ደጋግመው ይብሉ፤ ከበሉ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ፤ ዳጣውና ቡናው የሚያስነሣብዎት ከሆነ ይቀንሱ፤ ከአልጋው በራስጌ በኩል ካሉት እግሮች ሥር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚያነሣ እንጨት ያድርጉ፤ በግራ ጎንዎም ይተኙ።

ጎረቤትዎ እንደገና ክኒን ብታቀርብልዎ ስለ ደግነቷ ያመስግኗት፤ ክኒኑን ግን አይዋጡ። ሁለታችሁም ወደ መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ፣ «ስሙ ማን ነው? ለስንት ቀን ነው? ከምወስደው ሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እርጉዝ ከሆኑ ደግሞ ይህን ሳይጠየቁ አስቀድመው ይናገሩ።