ቡላው እስኪዘቅጥ፦ ጭንቀትን ስለሚያስታግሱ የሕፃናት የሥዕል መጻሕፍትና ስለ ወላይታ ልጆች ቋንቋ

እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝኛ የታተመው የኬሪ ሊ ማክሊን «ሙዲ ካው ሜዲቴትስ» የተባለ የሥዕል መጽሐፍ ቀኑ ሁሉ የከፋበትን አንድ ጥጃ ታሪክ ይተርካል። ጥጃው በንዴት ከተብከነከነ በኋላ አያቱ ውሃ የሞላበት ብልቃጥ ያቀርቡለታል፤ በውሃውም ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ይጨመራል። ብልቃጡ ሲናጥ ውሃው ይደፈርሳል፤ ዝም ብለው ሲቀመጡ ግን ብናኙ ቀስ በቀስ ይዘቅጣል፣ ውሃውም ይጠራል። ትምህርቱ ለሕፃን ግልጽ ነው፤ የታወከ አእምሮም ጊዜ ከተሰጠው ይረጋጋል።

ወላይታ ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን የሚያብረቀርቅ ብናኝ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ነገሩን ግን ያውቀዋል። እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ የሚወጣው ነጭ ውሃ በዕቃ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ቡላው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ የጠራው ውሃ ከላይ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ተደፍቶ ቡላው ይወሰዳል። ዕቃውን የሚነካካ ካለ እንደገና ይደፈርሳልና መጠበቅ ያስፈልጋል። እናቱና አያቱ ይህን ሲሠሩ ያየ ልጅ የመጽሐፉን ትምህርት ያለ ብልቃጥ ሊረዳው ይችላል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚሁ ምሳሌ ይነሣል። ልጆች ጭንቀትን እንዲቋቋሙ የሚያስተምሩ የሥዕል መጻሕፍት በዓለም ገበያ በዝተዋል፤ ወደ ሀገራችንም በትርጉምና በእርዳታ ድርጅቶች በኩል መግባታቸው አልቀረም። በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ላለ ልጅ የሚኖራቸው ጥቅም ግን የሚወሰነው በሚያስተምሩት የአተነፋፈስ ዘዴ ሳይሆን መጽሐፉ በተጻፈበት ቋንቋና ከልጁ ጎን ተቀምጦ በሚያነበው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ይገባል። እነዚህ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ክህሎት በአማርኛ አንዳንዴ «ተመስጦ» ተብሎ ይተረጎማል። ቃሉ ውብ ቢሆንም ወደ ጸሎትና ወደ ምናኔ ዓለም ይወስዳል፤ አብዛኛው ሕዝብ የፕሮቴስታንት ወይም የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ በሆነበት በወላይታ አንድ ወላጅ «ልጄን የማን ሃይማኖት እያስተማራችሁት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስገርም አይሆንም። ጥያቄው መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም፤ ልምምዱ ከቡድሂዝም ትውፊት የመነጨ ነው። ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሕሙማን ያዘጋጁት ግን ከሃይማኖታዊ ይዘቱ ለይተው ነበር። በአማርኛ «ልብ ማለት» የሚለው የዕለት ተዕለት አነጋገር ሐሳቡን ያለ ሥጋት ይሸከመዋል። እናት ልጇን «ልብ በል!» ስትለው የምትጠይቀው በፊቱ ያለውን ነገር በሙሉ ትኩረት እንዲያይ ነውና።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ልጅ ሲደነግጥ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል የማስጠንቀቂያ ምልክት ይሰጣል፤ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ይመነጫሉ፤ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሆድ ይታወካል። ነገርን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ በልጅነት ገና በመብሰል ላይ ነው። ስለዚህ «ተረጋጋ!» የሚለው ትእዛዝ፣ በተለይም በጩኸት ሲሰጥ፣ ብዙ አይረዳም። አየርን በዝግታ ማስወጣት ግን ቬገስ በተባለው ነርቭ አማካይነት የልብን ምት ያዘገያል። የሥዕል መጻሕፍቱ ይህን ሥነ አካላዊ እውነት በምስል ይለውጡታል። ኪራ ዊሊ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት «ብሪዝ ላይክ ኤ ቤር» ልጁ ብርዱን ወራት ተኝቶ እንደሚያሳልፍ ድብ እንዲተነፍስ ይጋበዛል። ድብ በኢትዮጵያ የለም፤ ወራቱን ሙሉ ስለሚተኛ እንስሳ ማስረዳት ራሱን የቻለ ትምህርት ይሆናል። በወላይታ ቤቶች ግን የቡና ቅጠል ከቅመማ ቅመም ጋር ተፈልቶ ይጠጣል። ሽታውን በአፍንጫ መሳብ፣ ከዚያም ትኩሱን መጠጥ ለማብረድ ቀስ ብሎ እፍ ማለት፤ ይህ የተፈለገው አተነፋፈስ ራሱ ነው። ልጁ ያለ አስተማሪ ሲያደርገው ኖሯል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በጥሩ ሠዓሊ ሊፈታ የሚችል ነው። የሚከብደው ስሜትን መሰየም ነው። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሰዎች በፎቶ ያዩትን የፊት ገጽታ ስሜት በቃል ሲሰይሙ የአሚግዳላ እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የተጠኑት አዋቂዎች ስለነበሩ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ሕፃናት መውሰድ አይገባም። ሆኖም ከልምድ የምናውቀውን ይደግፋል፤ ስም የወጣለት ፍርሃት ስም ከሌለው ፍርሃት ይልቅ ለመያዝ ይቀላል። ጥያቄው «በየትኛው ቋንቋ?» የሚለው ነው። አማርኛ ስሜትን በሆድና በልብ ያስቀምጣል፤ ሆዴ ባባ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ልቤ ራደ እንላለን። «አዝኛለሁ» ወይም «ተጨንቄያለሁ» የሚሉት ቃላት ብቻቸውን ይህን ሁሉ አይሸፍኑም። ወላይትኛም ዎዛና በሚለው ቃል፣ ማለትም በልብ፣ ዙሪያ የራሱ አነጋገር አለው፤ ሰላምታውም ሳሮ፣ ሰላም፣ ነው። በቤቱ በወላይትኛ ያለቀሰ ልጅ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ «ምን ተሰማህ?» ሲባል ስሜቱን ከመናገሩ በፊት መተርጎም አለበት። ሲጨነቅ መተርጎም ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነው።

በወላይታ የሕፃናት መጽሐፍ ቋንቋ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ ታሪክም ይመሰክራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላይታ ገና በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ሳለ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድነት ያዋሐደ፣ ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ድምፆች ተወስዶ «ወጋጎዳ» የተባለ የትምህርት ቋንቋ ተዘጋጅቶ መማሪያ መጻሕፍት ታተሙበት። በ1992 ዓ.ም. መጻሕፍቱ ወደ ክፍል ሲገቡ በሶዶ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ታሰሩ፤ በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ክስተቱ ዘወትር የሚጠናው ከፖለቲካና ከማንነት አንጻር ነው፤ ተገቢም ነው። በዚያ ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የነበሩ ሕፃናት ምን እንደተሰማቸው ግን እምብዛም አይነሣም። በእነርሱ ዘንድ የንባብ መጽሐፍ ራሱ የፍርሃት ምንጭ ነበር። አንዳንዶቹ ዛሬ ወላጆች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በ2000ዎቹ በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ድጋፍ የታችኛው ክፍል የንባብ ሥርዓተ ትምህርት በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሲከለስ ወላይትኛ አንዱ ነበር። በሀገር አቀፍ ደረጃም «ኢትዮጵያ ሪድስ» በዮሐንስ ገብረጊዮርጊስና በጄን ኩርትዝ ተመሥርቶ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል፤ በሀዋሳም መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች አድርሷል። የብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቴሌቪዥን ያቀረበቻት ቀጭኔ ለብዙ ልጆች የቤት ሰው ሆናለች። የእነዚህ ሥራዎች ዋና ዓላማ ግን ንባብ፣ ጤናና ጠቅላላ ዕውቀት ነበር።

ለጭንቀት ተብሎ ከተዘጋጁት ውስጥ በስፋት የተሰራጨው በኮቪድ ወቅት የመጣው ነው። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲዘጉ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና አጋሮቻቸው «ማይ ሂሮ ኢዝ ዩ» የተባለ የሥዕል መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች አወጡ፤ አማርኛም ከእነዚያ አንዱ ነው። ሣራ የተባለች፣ እናቷ ሳይንቲስት የሆነች ልጅ አሪዮ በተባለ ዘንዶ ጀርባ ላይ ሆና ዓለምን ትዞራለች። አሪዮ ሲያስፈራት በልቧ የምትሄድበት ደህና ቦታ እንድታስብ ይጠይቃታል። የመጽሐፉ ምርጥ ገጽ ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መልሱን ለልጁ ይተዋል። የወላይታ ልጅ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ሣር፣ ከጓሮው ያለውን የእንሰት ጥላ፣ ወይም ከዳሞታ ተራራ ሥር ያለችውን የአያቱን ቤት ሊያስብ ይችላል። ዘንዶው ግን አንድ ነገር ያስቸግራል፤ በእኛ ተረትና በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዘንዶ የሚገደል እንጂ የሚጋለብ አይደለም።

እነዚህ መጻሕፍት ሊሠሩት የማይችሉትን መናገርም ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው «ማይሪያድ» የተባለ የብሪታንያ ጥናት ከ8,000 በላይ ታዳጊ ተማሪዎችን አሳትፎ፣ በትምህርት ቤት የተሰጠው የልብ ማለት ሥልጠና ከተለመደው ትምህርት የተሻለ የአእምሮ ጤና ውጤት እንዳላመጣ ደምድሟል። ጥናቱ ስለ ሥዕል መጽሐፍ አልነበረም፤ ቢሆንም ብዙ ተስፋ ለተጣለበት ነገር ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። በወላይታ የልጆች ጭንቀት ብዙውን ጊዜ ተጨባጭ ምክንያት አለው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው የነበረበት ዞን የእርሻ መሬቱ ጠባብ ነው፤ በልግ ሲከስር ቤት ይራባል፤ አባት ለቀን ሥራ ወደ አዋሽ ሸለቆ እርሻዎች፣ ታላቅ ወንድም ሊስትሮ ለመሆን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ የፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ስርጭት 5.46 በመቶ መሆኑን አሳይቷል፤ በሽታው ተላላፊ ባይሆንም የታማሚው ልጆች በትምህርት ቤት መገለል ሊደርስባቸው ይችላል። ለተራበ ልጅ «በጥልቀት ተንፍስ» ማለት ተገቢ አይደለም። ለተገለለው ልጅ ግን አንድ መጽሐፍ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር አለ፤ እናቷ እግሯ ያበጠ ልጅን ታሪክ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሊያነብ ይችላል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከልጁ ትንፋሽ ይልቅ የጓደኞቹን አመለካከት ያርማል፤ ይህም የበለጠ ዋጋ አለው።

የመጨረሻው ችግር የአንባቢው ነው። ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳዩት ትንሽ ልጅ ከሥዕል መጽሐፍ የበለጠ የሚጠቀመው አዋቂው እያነበበ ሲሄድ ሳይሆን እየጠየቀና ልጁን እያናገረ ሲያነብ ነው። በወላይታ ቤት ይህ አዋቂ ማን ነው? በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ተምሮበታል፤ ስለዚህ አያት በወላይትኛ ማንበብ ከቻሉ የሚያነቡት በፊደል ነው። ወላጅ በብዛት የተማሩት በአማርኛ ነው። ልጅቷ ደግሞ ወላይትኛን የምትማረው በላቲን ፊደል ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቷ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር። በአንድ ምድጃ ዙሪያ ሦስት ትውልድ ተቀምጦ አንድን ገጽ እኩል የሚያነብ ላይኖር ይችላል።

ወላይትኛውን በሁለቱም ፊደላት ጎን ለጎን ማተም አንዱ መፍትሔ ነው፤ ገጹን ያጨናንቃል፣ የኅትመት ወጪም ይጨምራል፣ የፊደል ጉዳይ በዞኑ ካለው ታሪክ አንጻርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌላው፣ እኔ የምመርጠው፣ ከገጾቹ ግማሽ ያህሉን ያለ ጽሑፍ በሥዕል ብቻ መተው ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማንበብ የማይችሉትን አያት ተራኪ ያደርጋቸዋል፤ ስሜትን የሚሰይመውም ቃል ከእርሳቸው አፍ፣ በራሳቸው ወላይትኛ ይወጣል። የቡላው ሥዕል ከእነዚያ ገጾች አንዱ ሊሆን ይችላል። በዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ፣ እስኪዘቅጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይና ለምን እንደማይነካ ለልጅቷ የሚነግሯት እርሳቸው ናቸው።