ፎቶው ያንተ ነው፤ ፊቷስ?

«ጋሼ፣ ይቺ እኔ አይደለሁም?»

ሃያ ሁለት፣ ከጎላጉል ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ረከቦቷን ዘርግታ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ናት የጠየቀችኝ። በእጇ የተቆላ ቡና ፓኬት ይዛለች። ፓኬቱ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አጎንብሳ ሲኒ ላይ የምትቀዳ ሴት አለች። ራሷ ናት፣ የጆሮ ጉትቻዋ እንኳ አልተቀየረም። ያመጣላት ደንበኛዋ ነው። ቦሌ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ አይቶት «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊላት ገዝቶ መጣ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ወሬው ሰፈሩን ሲዞር ሁሉም ያመነው ብር በልታለች ብሎ ነው። አከራይዋ «ማስታወቂያ እየሠራሽ ለዚች ታለቃቅሻለሽ?» ብላ ኪራይ ጨመረችባት። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቿ እየደወሉ ረስታናለች አሉ። ባለሱቁ «አንቺማ ከብረሻል» ብሎ ዱቤ ዘጋባት። ከዚያ ፓኬት ያገኘችው ነገር ቢኖር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ፎቶ ያነሳት ልጅ ሲሄድ ያስጨበጣት መቶ ብር ነው።

ልጁን አፈላልገን አገኘነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ሰርግ ያነሳል፤ በዐቢይ ጾም ሰርግ ሲጠፋ መንገድ ለመንገድ እየዞረ ያነሳውን ለዲዛይነሮች ይሸጣል። መልሱ አጭር ነበር፦ «ፎቶው የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ያነሳኋት መንገድ ላይ ነው። ደግሞ ከፍያታለሁ።» ሦስቱንም በሙሉ ልብ ነው የተናገረው። ሦስቱም ጎዶሎ ናቸው፤ የመጀመሪያዋ ግን የሁለቱ እናት ስለሆነች ከሷ እጀምራለሁ።

«ካነሳሁት የኔ ነው» የሚለው እምነት ከባዶ አልመጣም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለፎቶግራፍ ሥራ የ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሌላ ሰው የልጁን ፎቶ ገልብጦ ቢሸጥበት ይከሰሳል፣ መከሰስም አለበት። ብርሃኑን የጠበቀው፣ ሌንሱን ተበድሮ የገዛው እሱ ነው።

ነገር ግን ይህ መብት ሥራውን ከሌባ ይጠብቅለታል እንጂ በሴትየዋ ፊት ላይ አይሾመውም። ገበሬ ይህን ቶሎ ይረዳል። በእኩል የሚያርስ ሰው በሬውም ዘሩም ላቡም የራሱ ሊሆን ይችላል፤ መሬቱ ግን ባለይዞታ አለው። ባለመሬቷን ሳያነጋግር ምርቱን ጭኖ ገበያ የወጣ እንደሆነ «ያረስኩት እኔ ነኝ» ማለቱ እውነት ነው፤ ከጥያቄው ግን አያድነውም።

ሕጉም ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 27፣ የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ልጁም ዲዛይነሩም ሳይወለዱ የነበረ ሕግ ነው። በአንቀጽ 29 መሠረት ባለምስሏ «አቁሙ» ማለት ትችላለች፤ ፍርድ ቤትም ሻጩ ከምስሉ ያተረፈውን ያህል ካሳ ሊያስከፍልላት ይችላል፤ አቁም ተብሎ ወዲያው ካላቆመ የሞራል ካሳ ሊጨመርበት ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ በእሱ መንገድ ሲታይ የሰጡትን ፈቃድ መልሶ ማንሳትም ይቻላል።

የሚያናድደኝ ልጁ አይደለም። ሦስት ወር አስተምረው ሰርተፍኬት የሚያድሉ አሠልጣኞች አሉ፤ ሻተርና አፐርቸር እስኪሰለች ሲተነትኑ ለአንቀጽ 27 አምስት ደቂቃ የላቸውም። ከነሱ የሚብሱት ማስታወቂያ ሠሪዎቹ ናቸው። ሥራው ለውጭ ድርጅት ሲሆን «ሪሊስ አለው?» ማለትን አሳምረው ያውቃሉ። ጌቲና ሻተርስቶክን የመሳሰሉ የፎቶ ገበያዎች ፊቱ የሚለይ ሰው ያለበትን ፎቶ ለማስታወቂያ የሚሸጡት ሪሊስ፣ ማለትም የፈቃድ ቅጽ፣ ሲያያዝ ብቻ መሆኑንም ያውቃሉ። ለአገር ውስጥ ፓኬት ሲሆን ጥያቄው ይጠፋል። አላወቅንም እንዳይሉ ያውቃሉ፤ የሃያ ሁለት ቡና አፍይ ጠበቃ አትቀጥርም ብለው ነው።

ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም። በኒውዮርክ ግዛት የአንዲት ወጣት ምስል ሳትጠየቅ በዱቄት ማስታወቂያ ላይ ታትሞ 25,000 ያህል ቅጂ በየመደብሩ ተሰቀለ። እሷም ፖስተሮቹን ስታይ አፍራ ታመመች። እ.ኤ.አ. በ1902 የግዛቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ4 ለ3 ድምፅ ፈረደባት። ሕዝቡ ተቆጣ፤ በዓመቱ የግዛቱ ምክር ቤት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የሰውን ምስል ለማስታወቂያና ለንግድ መጠቀምን የሚከለክል ሕግ አወጣ። የዱቄት ፖስተርና የቡና ፓኬት፤ ልዩነቱ እኛ ፓኬቱ ከመታተሙ በፊት ሕጉን መያዛችን ነው።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ፦ «መንገድ ላይ ነው ያነሳኋት።» እዚህ ላይ ልጁ ከፊል ምርኩዝ አለው። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ ሰውየው ታዋቂ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት፣ እንዲሁም በአደባባይ ከተደረገ ነገር ወይም ሥነ ሥርዓት ጋር ሲያያዝ። ጃንሜዳ ላይ በጥምቀት ከሺዎች መካከል የታየ ሰው፣ በታላቁ ሩጫ የሮጠ ሰው ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ማንም አይከስም። ግን ሥራዋ ላይ ጎንበስ ያለች አንዲት ሴት «በአደባባይ የተደረገ ነገር» ናት? የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚህ የቀረበ ጉዳይ አይቷል። ሞንትሪያል ውስጥ ደረጃ ላይ የተቀመጠች የ17 ዓመት ልጅ ሳትጠየቅ ተነስታ መጽሔት ላይ ወጣች፤ የተሸጠው 722 ቅጂ ብቻ ነበር፤ 2,000 ዶላር ካሳ ተፈረደላት። ነገሩ የሆነበት ኩቤክ፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ እንዳረቀቀው የኛ ፍትሐ ብሔር ሁሉ፣ ሕጉን ከፈረንሳይ ወገን የወረሰ ነው።

በሌላ በኩል ታይምስ ስኩዌር ላይ ሳያውቅ የተነሳ አንድ ሃይማኖተኛ ሽማግሌ ምስሉ ጋለሪ ውስጥ ቢያንስ በ20,000 ዶላር መሸጡን ሰምቶ ፎቶ አንሺውን ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሺያን ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ተሸነፈ። ጥበብ ንግድ አይደለም ተባለ። ስለዚህ የልጁ ፎቶ ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ እኔም አመነታ ነበር፤ አንቀጽ 28 ውስጥ ያለችው «ባህል» የምትለው ቃል ሰፊ ናት። ፓኬት ላይ ግን አላመነታም። ቡና መሸጫ ባህል አይባልም።

ሦስተኛው፣ «ከፍያታለሁ»፣ ቶሎ የሚያልቅ ነው። ደቡብ ኦሞ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ሙርሲዎች በፎቶ ቁጥር ያስከፍላሉ፣ ቱሪስቱም ተከራክሮ ይከፍላል። የተከፈለው ለመነሳቱ ነው፤ ምስሉ ፖስትካርድ ሆኖ እንዲሸጥ ማንም አልተነጋገረም። መቶ ብርም ጉርሻ ነው፣ ውል አይደለም። «ስታየኝ ሳቀች» የሚሉም አሉ፤ ሴትዮዋ ለደንበኛ ሁሉ ትስቃለች፣ ሥራዋ ነው።

«ሰውየው ሞቷል፣ ማን ይጠይቀኛል» ለሚሉ፣ አንቀጽ 30 ምስሉ የሟቹን ክብር የሚነካ ሲሆን የመጠየቁን መብት ለቤተሰቡ ይሰጣል። «ያልተፈረመ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም» የሚለውም ልክ አይደለም፤ አንቀጽ 27 ጽሑፍ አይጠይቅም። ግን ሙግት ሲመጣ የቃል ፈቃድን ማስረዳት ጣጣ ነው። ለምን እንደሚውል፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ብር የሚሉት በአማርኛ ሰፍረው ሁለት ቅጂ ቢሆኑ ይበቃል። ያልገባትን የእንግሊዝኛ ቅጽ ማስፈረም ግን ከመስረቅ ብዙም አይሻልም። በየሕንፃው በር ላይ «ፎቶ ክልክል ነው!» እያሉ ካሜራ ለሚነጥቁ ጥበቃዎችም፦ አንቀጽ 27 የሚከለክለው ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ነው፤ ማንሳትን አይደለም።

ሴትዮዋን ጠበቃ ጋር ወሰድናት። ጠበቃው ስንት ካሳ እንደምትፈልግ ሲጠይቃት ትንሽ አሰበችና፣ ብሩ ቢቀር ግዴለም፣ የቡናው ድርጅት አምስት ሳንቲም እንዳልከፈላት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይጻፍልኝ አለች። ለአከራይዋ ልታሳይ። ጠበቃው ሳቀ፤ እንዲያ ያለ ወረቀት ክሱን እንደሚያሸንፍላት፣ ለዚያም ብለው እንደማይጽፉት አስረዳት። እሷ አልሳቀችም። «እና ኪራዩን በምን ላስቀንስ?» አለችው።